መሪው ሲዞር ባጃጁ ለምን ቀጥ ይላል?

ክረምት ላይ እንሴኖ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። ሹፌሩ ከዋናው መንገድ ወደ ሠፈር ሊታጠፍ መሪውን ይጠመዝዛል፣ የፊት ጎማው እሺ ብሎ ይዞራል፣ ባጃጁ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ከኋላ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ!» ይላሉ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ ጭራሽ ይብሳል፤ ነገሩ ቱቦ ዳር ወይም አጥር ሥር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጭቃውን ይረግማል። ጭቃው እርግጥ አለበት፤ ግን የጎማው ጥርስ፣ ከኋላ የታሰረው ጆንያና የሹፌሩ እግርም ተባባሪዎች ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። መሪ ባጃጅ አያዞርም፤ የሚያዞረው ጎማውን ብቻ ነው። ባጃጁን የሚያዞረው መሬቱ ነው። ጎማው ወደ ግራ ሲታጠፍ መሬቱ ከጎኑ ይገፋዋል፣ የባጃጁም አፍንጫ በዚያ ግፊት ወደ ግራ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ግፊት የሚያልፈው ጎማና መሬት በሚነካኩበት፣ ከሰው መዳፍ ብዙም በማይሰፋ ቦታ ነው። መኪና ለዚህ ሥራ ሁለት የፊት ጎማ አለው፤ አንዱ ቢያዳልጠው ሌላው ሊይዝለት ይችላል። ባጃጅ ያለው አንድ ነው።

መሬቱ ምን ያህል መግፋት እንደሚችል የሚወስኑት ጎማው መሬቱን የመያዝ አቅሙና ጎማውን ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ናቸው። በክብደቱ በኩል ባጃጅ ሲሠራም ፊቱ ቀላል ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚገፉትም የኋላ ጎማዎች ናቸው፣ ሦስቱ ተሳፋሪዎችም ወደ ኋላ ጎማዎቹ ተጠግተው ይቀመጣሉ። በዚህ ላይ ሰኔ ሲመጣ ማዳበሪያ፣ ከመስከረም ወዲያ ደግሞ የማረቆ በርበሬ በጆንያ ከወንበሩ ጀርባ ይታሰራል። ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት የፊቱን ጎማ ከመሬት ያቀልለዋል፤ መሪው በእጅ ሲያዝ ቅልል የሚለው ያኔ ነው፤ ሹፌሩ ሊደሰትበት አይገባም። ያው ጆንያ ከወንበሩ ፊት፣ ተሳፋሪው እግሩን በሚያሳርፍበት ወለል ላይ ቢጋደም ግን ክብደቱ ለፊት ጎማም ይደርሰዋል። ከሹፌሩ ጎን ሰው ደርቦ መጫን ፊቱን ያከብዳል የሚል ክርክርም አለ። ማክበዱንስ ያከብደዋል፤ ሹፌሩ መሪውን የሚያዞርበት ክንድ መዘርጊያ ካጣ ግን ክብደቱ ምን ይረባዋል?

የመያዙን ነገር ለመረዳት ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ። በካናዳና በአላስካ ክረምት ሰዎች በረዶ ላይ የሚነዱት ሞተር አለ። ካናዳዊው ጆሴፍ-አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 «ስኪ-ዱ» ብሎ ለገበያ ካወጣው ወዲህ በሰፊው ታውቋል። ከኋላ የሚገፋው ከሥሩ የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ከፊት ግን ጎማ የለውም፣ በመሪ የሚታጠፉ፣ ስኪ የሚባሉ ሁለት መንሸራተቻዎች እንጂ። ሥሩ ልሙጥ የሆነ ስኪ በበረዶ ላይ ልክ እንደ እኛው ባጃጅ መሪው እየዞረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከስኪው ሥር በቁመቱ የወጣ ጠርዝ ይሠራለታል፤ ጠርዙ በለስላሳው በረዶ ውስጥ ሰምጦ ወደ ጎን መንሸራተትን ይከለክላል። መንገዱ ግግር ሲሆን ደግሞ ጠርዙ ብቻውን አይገባም፤ ስለዚህ ካርባይድ የተሰካበት ቀጭን የብረት ዘንግ ከሥሩ ይታሰራል። ካርባይድ ከተንግስተንና ከካርቦን የሚሠራ፣ በኮንክሪት መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ የምናየው ያ ድርቅ ያለ ነገር ነው። እዚያም ታዲያ ሲበዛ ጣጣ ያመጣል፦ ረጅምና ስል ካርባይድ ያሰረ ነጂ ክንዱ እስኪዝል ከመሪው ጋር ይታገላል፣ ስኪውም ከፊት የሄደው ሰው የቀደደውን ቦይ እየተከተለ ወደማይፈልግበት ይጎትተዋል።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። የሚገፋ ጎማ ጥርሱ በአግድም ይሁን፤ የሚመራ ጎማ ግን መስመሩ በቁመት ይሁን። የማይመስለው ሰው በኋላ ጎማው ብቻ የሚገፋ የእርሻ ትራክተር ሲያልፍ ይመልከት። የኋላ ጎማዎቹ ትልልቅ ጥርሶች ወደ ጎን ዘመም ብለው አፈሩን ይቧጥጣሉ፤ የፊቶቹ ግን ጥርስ የላቸውም፣ ዙሪያቸውን የሚዞሩ ሁለት ሦስት ከፍ ያሉ መስመሮች ብቻ ናቸው። የፊት ጎማ ሥራው መግፋት ሳይሆን ወደ ጎን አለመሄድ ነውና። በብዙ ሞተር ሳይክሎችም ላይ ይኸው አሠራር ይታያል፤ ፊቱ በቁመት የተሰመረ፣ ኋላው በጥርስ የተከፋፈለ።

ባጃጅ ላይ ግን ነገሩ ይደባለቃል። ሦስቱም ጎማ አንድ ልክ ነው፤ በጎማው ጎን 4.00-8 ተብሎ ይጻፋል፣ ስፋቱ 4 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 8 ኢንች ማለት ነው። አንድ መጠባበቂያ ጎማ ለሦስቱም ስለሚሆን ይህ ለኪስ ጥሩ ነው። ጉዳቱ፣ የጎማው ቅርጽ ለመግፋትም ለመምራትም ተብሎ ሲሠራ ለሁለቱም መካከለኛ ይሆናል። ስለዚህ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «ጥርሱ ትልቅ የሆነውን ስጠኝ» ማለት ለኋላ እንጂ ለፊት ትክክለኛ ጥያቄ አይደለም። ለፊት የሚፈለገው ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ጠርዙ ያልደነዘዘ መስመር ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦይም ጭቃው ተጠቅጥቆ እንዳይቀር በቂ ስፋት ይኑረው። ቦዩ በጭቃ ከተሞላ አዲሱም ጎማ ከመላጣ አይለይም፤ ከመታጠፍ በፊት ወርዶ በእንጨት መፋቅ ሹፌርን አያሳንስም።

የነፋስ ነገር ብዙ ያከራክራል። «ጭቃ ሲሆን ነፋስ ቀንስ» የሚለው ምክር ከአሸዋ የመጣ ነው። ጥልቅ አሸዋና የበጋ ትቢያ ላይ ጎማው ተንፈላሶ ቢሰፋ አይሰምጥም። የክረምቱ መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ቀጭን የጭቃ ልጥ፣ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ነው። እዚያ የሚፈለገው ልጡን ቆርጦ ጠንካራውን የሚያገኝ ጎማ ነው፤ የተንፈላሰሰ ጎማ ልጡ ላይ ይንሳፈፋል። ነፋስ መቀነስ ሌላም መዘዝ አለው፤ በትንሿ ቸርኬ ላይ የጎማው ጎን እየታጠፈ ይሰነጠቃል፣ የውስጡ ከመነዳሪም ይፋተጋል። አምራቹ ለፊትና ለኋላ የየራሱን ልክ ይሰጣል፤ ሦስቱንም በአንድ ልክ መሙላት ልማድ ቢሆንም ልክ አይደለም።

አሁን ወደ እግሩ። ጎማ ያለው የመያዝ አቅም አንድ ነው፤ ለመታጠፍም ለመቆምም የሚጠቀመው ከዚያው ነው። ታጥፎ ሳለ ፍሬን ሲረገጥ አቅሙን ፍሬኑ ይወስድበታል፣ ለመታጠፊያ የሚተርፍ አይኖርም። ጎማው ጭራሽ ከታሰረና መሽከርከሩን ካቆመ ደግሞ ወዴትም ቢዞር ለውጥ የለውም፤ ባጃጁ ይዞት በመጣው አቅጣጫ ይንሸራተታል። እናትየው «ቀስ» ያሉት ትክክል ነው፤ ቀስ መባል የነበረበት ግን ከመታጠፊያው በፊት ነው። ሲንሸራተት ከተገኘ መድኃኒቱ ልብን የሚፈትን ነው፦ እግርን ከፍሬን ማንሳት፣ መሪውንም ትንሽ መመለስ፣ ጎማው እንደገና ሲሽከረከርና ሲይዝ ያኔ ቀስ አድርጎ ማጠፍ።

«እንግዲያው በጣም የሚይዝ ጎማ ገዝቼ ልገላገል» የሚል ይኖራል። ኮብልስቶን ወይም ደረቅ አስፋልት ላይ ይኸው ጎማ ሌላ ጉድ ያመጣል። ባጃጅ በመሬት ላይ የሚቆመው በሦስት ነጥብ ነው፤ ከፊት ጎማው ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መስመር ቢሰመር ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ሰፊው ከኋላ፣ ጠባቡ ከፊት ነው። በመታጠፊያ ላይ ክብደቱ ወደ ውጪ ይገፋል፤ ፍሬን ከተጨመረበት ደግሞ ወደ ፊት፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄዳል። ክብደቱ ከዚያ መስመር ካለፈ ባጃጁ ይገለበጣል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚያዳልጥ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ደረቅ መንገድ ላይ ጎማው አጥብቆ ስለሚይዝ በጎኑ ይተኛል። ጥፋቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፣ ታጥፎ ሳለ ፍሬን መርገጥ። ተሳፋሪ ሲበዛና ጆንያው ጣራው ላይ ሲወጣ ክብደቱ ከመሬት ስለሚርቅ መገልበጡ ይቀልለዋል።

የትኛው ጎማ የት ይግባ? የተለመደው አሠራር አዲሱን ለኋላ ሰጥቶ ከኋላ የወጣውን አሮጌ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ለመኪና የጎማ አምራቾችም አዲሱ ከኋላ ይሁን ይላሉ፤ የኋላው ካዳለጠ መኪናው ይሽከረከራልና። ባጃጅ ላይ ግን እኔ አልስማማም። የኋላው ጎማ ቢያዳልጥ ጎረቤት አለው፤ የፊቱ ብቻውን ነው። ገንዘብ ለአንድ ጎማ ብቻ ካለ ለፊት ይገዛ። መላጣውን ጎማ በቢላዋ መስመር እያወጡ ዕድሜ መጨመር ደግሞ ከብልሃት አይቆጠርም፤ ቢላዋው ጎማውን ወደያዙት ክሮች ይደርሳል፣ ጎማውም መሐል መንገድ ላይ ይፈነዳል።

ሲገዛ የጎማውን ጎን ማንበብ ይገባል። ብዙ ጊዜ በትንሽ ሞላላ ሳጥን ውስጥ አራት አኃዝ ይገኛል። 2319 ቢል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ የ2011 ግንቦት መጨረሻ ገደማ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ እየመታው የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አይይዝም። በጥፍር ጫን ብሎ ማየት፣ ጎኑን እጥፍ አድርጎ ጥቃቅን ስንጥቅ መፈለግ ነው።

አሮጌውን ጎማ ከመጣል በፊትም ጎሚስታው እጅ ላይ እንዳለ ይታይ፣ ብዙ ይናገራል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱ ትከሻዎቹ ካለቁ አንሶታል። አንዱ ጎን ብቻ ከተበላ ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ አክስሉ ወይም የፊቱ ሹካ ተጣሟል። ዙሪያውን እየጎደጎደ ከሄደ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይም ኩሽኔታው ላልቷል። ይህን ለማረጋገጥ የባጃጁን ፊት በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታ ይለወጥ። መሪውንም ከዳር እስከ ዳር ማዞር፤ መሐል ላይ ሲደርስ ገጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተቦርቡሯል። ይህ ሳይሠራ የሚገባ አዲስ ጎማ ክረምቱ ሳያልቅ እንደ አሮጌው በአንድ ጎኑ ያልቃል።