የትምህርት ተቋማት ዕድሜና የመዛግብት ጥበቃ፦ የካልጋሪና የጎንደር ምሳሌ

አንዲት ትንሽ ከተማ የዕውቀት መናኸሪያ ለመሆን ምን ያስፈልጋታል? ስለ ትምህርት በሚነሣ ውይይት ዘወትር የሚሰጠው መልስ በሕንፃና በገንዘብ ላይ ያተኮረ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን፣ የተቋማት ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው እርስ በርሳቸው በመደጋገፋቸውና መዛግብታቸውን በመጠበቃቸው መሆኑን ነው። ለማነጻጸሪያ የመረጥናቸው ከተሞች ዛሬ የምንኖርባት ካልጋሪና የአገራችን ጎንደር ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ካልጋሪ ዛሬ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ያላት ከተማ ትሁን እንጂ፣ በ1911 የሕዝቧ ቍጥር 44 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ይሁንና የመምህራን ማሠልጠኛዋ በ1906 ተከፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት የሴቶች የሥነ ጽሑፍ ክበብ ያቋቋሙት ወይዘሮ አኒ ዴቪድሰን ከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲኖራት የቀረበውን ጥያቄ መሩ። አሜሪካዊው ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ 80 ሺህ ዶላር ሰጥተው ቤተ መጻሕፍቱ በጥር 1912 ተከፈተ። ካርኔጊ በሚረዷቸው ከተሞች ላይ የሚጥሉት ግዴታ፣ ከተማው ከርዳታው አንድ አሥረኛ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ እንዲመድብ የሚያስገድድ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ አሌክሳንደር ካልሁንም እስከ 1945 ድረስ ከሥራቸው አልተለዩም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱን ያጸናው ቋሚ በጀትና ቋሚ ሰው እንጂ ሕንፃው ብቻ አይደለም።

ካልጋሪ ያልተሳካላትም ነገር አለ። በዚያው በ1912 ሥራ የጀመረው የካልጋሪ ኮሌጅ፣ ክፍለ ሀገሩ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ስለነፈገው በ1915 ተዘጋ፤ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ አስቀድሞ በኤድመንተን በኩል ተወስኖ ነበርና። ሆኖም ተስፋው አልሞተም። የመምህራን ማሠልጠኛው በ1916 ከተከፈተው የቴክኖሎጂና የሥነ ጥበብ ተቋም ጋር ሕንፃ ተጋርቶ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1945 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሆነ፤ በ1960 ወደ ራሱ ግቢ ገባ፤ በ1966 የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን ቻለ። የመጀመሪያው ኮሌጅ ከተዘጋ 51 ዓመት ማለፉ ነው። ኤሪክ ሃርቪ የተባሉት የሕግ ባለሙያ በ1955 ያቋቋሙት የግሌንቦ ድርጅት ያሰባሰባቸው የምዕራብ ካናዳ መዛግብትም በቅርብ ዓመታት ወደዚሁ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረዋል። አንዱ ተቋም ሲደክም ሌላው ሸክሙን ይቀበላል ማለት ነው።

የጎንደር ታሪክ ከዚህ እጅግ ይቀድማል። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍትነት የሚታወቅ ሕንፃ ይገኛል። የከተማዋ አድባራትም ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ድጓውን በቤተልሔም፣ ቅኔውን በዋሸራ፣ አቋቋሙን በጎንደር በአታ እየተማረ ያስመሰክር ነበር። በዘመናችን ቋንቋ የተቋማት ትስስር የምንለው ይህ ነው፤ ተማሪው ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል፣ የመምህሩ ምስክርነትም በሄደበት ሁሉ ይታመንለታል።

ትስስሩ ሲጸና መጻሕፍቱ ግን አልጸኑም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸውን ብራናዎች ወደ መቅደላ አጋዙ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ ከተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። መጽሐፉን ለማየት የሚሻ የጎንደር ተማሪ ለንደን ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት።

ዘመናዊው ትምህርት ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ በጎንደር ተቋቋመ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ፣ በቡድን ተደራጅተው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ያሰማራ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሕክምና ትምህርት ተጨመረበት፤ ለጊዜውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ። በ1992 እንደገና ራሱን ቻለ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሦስት ሥርዓተ መንግሥት ያለፈበት ይህ ተቋም አለመዘጋቱ የሚያኰራ ነው። ሆኖም የአንድ ተቋም ስምና የበላይ በተለወጠ ቍጥር የሚያሰጋው የመዝገቡ ዕጣ ነው። ተማሪዎች በገጠር ያደረጉት ጥናት፣ የመምህራን ማስታወሻ፣ የተመራቂዎች ፎቶግራፍ ሁሉ የደምቢያና የጎንደር ሕዝብ ታሪክ ነው። ከዚህም ከፊሉ ከባለቤቱ ጋር ተሰዷል።

እኛንም የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። በየምድር ቤታችን በካርቶን የተከማቹት መጻሕፍት፣ በራሪ ወረቀቶችና የጥናት ጽሑፎች አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች የሚወረሱ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን በዝርዝር እንመዝግብ፤ በኑዛዜያችን ውስጥ እናስገባ፤ መዝግቦ ለሚይዝ ቤተ መጻሕፍት ስንሰጥም ቅጂው ለአገር ቤት ተቋም እንዲደርስ እንዋዋል። የመቅደላ መጻሕፍት ይመለሱ እያልን የኖርን ሰዎች፣ በራሳችን እጅ ያለውን ሳንመልስ ብናልፍ ለትውልዱ የምንሰጠው ምክንያት አይኖረንም።