የፔሌት ምድጃና የጎንደር አሮጌ የጢስ መውጫዎች

የደጋው ብርድ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅም ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ስለ ሆኑ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚያልፈው እንግዳ ሌሊቱን የሚሞቅ ክፍል ያዘጋጀ ባለሆቴል ገበያ አይጎድልበትም። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደውን የፔሌት ምድጃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር አያስደንቅም። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ ደርቆና በብርቱ ተጨምቆ፣ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው እንክብል መልክ የሚሠራ ማገዶ ነው። በአሜሪካ የበቆሎ ፍሬ የሚያነድም ምድጃ አለ፤ እህል እሳት ውስጥ መጣል ግን በእኛ አገር ነውር ነውና በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም።

ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «በቤቴ ባለው የጢስ መውጫ ልጠቀም እችላለሁን?» ብሎ ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ወይም ሌላ አሮጌ የድንጋይ ቤት የያዘና መውጫው ያልተደፈነበት ሰው ይህን ቢጠይቅ የተገባ ነው። መልሱ «ይቻላል፤ ነገር ግን በባዶው አይደለም» የሚል ይሆናል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የእንጨት እሳት ጢስ በገዛ ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በግንቡ ላይ ስንጥቅ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ አየር ከክፍሉ ወደ መውጫው ይሳባል እንጂ ጢሱ አይወጣም። የፔሌት ምድጃ ግን ጢሱን በኤሌክትሪክ ማራገቢያ እየገፋ ይሰዳል፤ በተገፋ ጊዜም በስንጥቁ በኩል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው። የከሰል ማንደጃ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩት በዚሁ ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስፋቱ ነው። የምድጃው ቧንቧ 75 ወይም 100 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ጎንና ጎኑ 30 ሳንቲሜትር የሆነ የግንብ መውጫ ግን ከ100 ሚሊሜትሩ ቧንቧ 11 እጥፍ ይሰፋል። ጢሱ እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ ይቀዘቅዛል፤ ውሃና ጥቀርሻ ሆኖም ኖራውን ይበላል። የበቆሎ ጢስማ አሲድ ስላለበት ብረቱንም አይምርም።

እንግዲህ መፍትሔው ከምድጃው እስከ ጣሪያው ራስ ድረስ የማይዝግ ብረት ቧንቧ በመውጫው ውስጥ ማውረድ ነው። መጋጠሚያዎቹ በሙሉ ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ይታሸጉ፤ ከታች አመድ የሚጠረግበት ክዳን፣ ከላይም የዝናብ ቆብ ይኑር። የወጥ ቤቱ እሳት በዚያው መውጫ አይጨመርበት። በደባርቅ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ከ75 ሚሊሜትር ይልቅ 100ው ይመረጣል። ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ቧንቧ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም የቀረው ጢስ በራሱ ይወጣል። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማገዶውም ጉዳይ ይታሰብበት። የመተማ ሰሊጥ አገዳና የበቆሎ ቆረቆንዳ በአካባቢው ይገኛሉ፤ የፎገራ ሩዝ ገለባም እንዲሁ። ነገር ግን የሩዝ ገለባ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ ሲሆን፣ በአውሮፓ ከፍተኛ ደረጃ የተሰጠው የእንጨት ፔሌት ግን አመዱ ከመቶ 0.7 አይበልጥም። ለእንጨት ፔሌት ብቻ የተሠራ ምድጃ የሩዝ ገለባ ቢሰጡት ፈጥኖ ይታፈናል፤ ገዢውም ተመልሶ የሚመጣው ወደ ባለሱቁ ነው።

ትእዛዝ የሚልክ አስመጪ ቧንቧውን፣ ማሸጊያውንና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወሉን ከምድጃው ጋር በአንድነት ቢያዝ ይሻለዋል፤ በገበያችን የሚገኘው ተራ የቆርቆሮ ቧንቧ ለዚህ ሥራ አይሆንምና። የኤሌክትሪኩንም ዓይነት ይመልከት። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ምድጃ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክል እንኳ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ማራገቢያው ከተወሰነለት ፍጥነት ሊያንስ፣ ጢሱም በሚገባ ሳይገፋ ሊቀር ይችላል።