ነጋዴ አባት ሲሞት የግብር ቁጥሩ ምን ይሆናል?

ከገበሬ ቤት ወጥተው በከተማ የሚነግዱ ብዙ ናቸው። ከአገር ቤት ጤፍና ስንዴ እያስጫነ በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በእህል በረንዳ የሚሸጥ አባት፣ ከሚዛንና ከመጋዘን ሌላ ባለ 10 አኃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው። ይህ አባት በሞተ ጊዜ ቤተ ሰቡ ምን ማድረግ እንደሚገባው ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ይህ ነው፤ ከተማ ያለው ልጅ ሱቁን በማግሥቱ ከፍቶ በአባቱ ፈቃድ፣ በአባቱ ቁጥርና በአባቱ ደረሰኝ መሸጡን ይቀጥላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ይከለክላል። ከሞት በኋላ የተሸጠው ሁሉ በሟች ስም ስለሚመዘገብ፣ ግብሩ የሚጠየቀው ከውርሱ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያለችው እኅት አንድ ብር ሳይደርሳት ድርሻዋ በዕዳ ይበላል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ እስኪጣራ ድረስ ከወራሾቹ የግል ሀብት ተለይቶ ለብቻው እንዲቆም አዝዟል። ስለዚህ በሚከተለው ተራ ሥሩ።

1ኛ. ሞቱን አስመዝግቡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ከሌለ የሚከተለው ሥራ ሁሉ ይቆማል።

2ኛ. የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። ውርስ የሚከፈተው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። አባታችሁ ኑሮው አገር ቤት ሆኖ መጋዘኑ ብቻ መርካቶ ከነበረ፣ የምታመለክቱት ለወረዳችሁ ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚህ ብላችሁ አዲስ አበባ አትመላለሱ። ኑሮው አዲስ አበባ ከነበረ ግን ለከተማው ፍርድ ቤት ታመለክታላችሁ። ወንድም ሴትም ልጅ እኩል ወራሽ ስለሆነ ማንንም አታስቀሩ። የእናታችሁ የጋራ ሀብት ድርሻ አስቀድሞ ይለያል፤ ያ ውርስ አይደለም።

3ኛ. ሟች ግብር ይከፍልበት ለነበረው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። መጋዘኑ መርካቶ ከሆነ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጠይቁ። ሁለቱን ማስረጃዎች፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውንና ያልተሠራባቸውን ደረሰኞች ይዛችሁ ቅረቡ። የሟች ምዝገባ እንዲሰረዝና ዕዳው ተሰልቶ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ።

4ኛ. ከመከፋፈላችሁ በፊት ዕዳውን ክፈሉ። በሕጉ ተራ አስቀድሞ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የውርስ ማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ግብርም ከዕዳው አንዱ ነው። ከዕዳ ነፃ የሚል ማስረጃ፣ ማለትም ክሊራንስ፣ ሳትቀበሉ አትለያዩ።

5ኛ. ንግዱን የሚቀጥለው ወራሽ በራሱ ስም ፈቃድ ያውጣ፤ በራሱ ቁጥርም ይሥራ። ቀድሞ ቁጥር ካለው ሁለተኛ አያወጣም፤ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ነውና። ወንድማማቾች አብረው የሚነግዱ ከሆነ ማኅበር አቋቁመው በማኅበሩ ስም ቁጥር ያውጡ።

ስለ ቤቱም እንዳትሳሳቱ። በመርካቶ ከመንግሥት የተከራዩ ብዙ ሱቆች አሉ። እንዲህ ያለው ቤት የሟች ንብረት ስላልሆነ እንደ ላም ወይም እንደ እህል አይከፋፈሉትም፤ ስለ ኪራዩ አከራዩን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

መጋዘን ውስጥ ያለው እህል ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም። ወራሾች ሲከራከሩ ነቀዝ ይበላዋል፤ ወለል ላይ የተደረደረ ጆንያም እርጥበት ይስባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በሽማግሌዎች ፊት ኩንታሉን ቁጠሩ፤ በዓይነትና በመጠን ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩ። ቶሎ የሚበላሽ ንብረት ሲኖር ውርስ አጣሪው ሊሸጠው ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ገንዘቡ እስከ ክፍፍሉ ድረስ በባንክ ይቀመጥ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ! በመንደራችሁ ነጋዴ ልጅ ወይም አባት የሞተበት ቤት ሲኖር፣ ለቅሶ ስትደርሱ የ30ውን ቀን ነገር ለቤተ ሰቡ አስታውሱ።

አባቶችም በሕይወት ሳላችሁ ፈቃዳችሁን፣ የግብር ደረሰኞቻችሁንና የዕዳ መዝገባችሁን በአንድ ሳጥን አኑሩ፤ ቦታውንም ለልጆቻችሁ አሳዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ የምትደክሙባት አንዲት ቀን ልጆቻችሁን ከብዙ ዓመት ክርክር ታድናቸዋለች።