ኒዮን ቴትራ በመስተዋት ገንዳ

ዛሬ የምንናገርላት ዓሣ ለማዕድ የምትቀርብ አይደለችም። ርዝመቷ ከ4 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ የአማዞን ወንዝ ገባሮች ተወላጅ የሆነችው ኒዮን ቴትራ ናት። ሊቃውንት ሳይንሳዊ ስም ያወጡላት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ሲሆን፣ የተሰየመችውም ዊልያም ኢነስ በተባለው አሜሪካዊ የዓሣ አርቢና ደራሲ ስም ነው። በጎኗ የተዘረጋው ሰማያዊ መስመር የብርሃን ነጸብራቅ እንጂ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ስለዚህ ሌሊት ይደበዝዛል። ማልዶ የተነሣ ባለቤት ዓሣዎቼ ታመሙ ብሎ ሊደነግጥ አይገባውም።

ይህች ዓሣ በመንጋ የምትኖር ፍጥረት ናት። ብዙዎች አብረው ሲዋኙ አዳኙ አንዷን ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል፤ ብቻዋን የቀረች እንደ ሆነ ግን ከጥግ ተሸሽጋ ትውላለች፣ መብልም ትተዋለች። ስለዚህ ሁለት ገዝቶ ለልጆች ማስደሰቻ በጠርሙስ ማኖር፣ በእኛ አስተያየት፣ ጭካኔ ነው። ከስድስት ማነስ የለባቸውም፤ አሥር ቢሆኑ ይመረጣል፤ ለእነዚህም 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል።

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል። በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነርሱ እስኪበዙ ድረስ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ጠርቶ ስለታየ ብቻ ዓሣዎቹን በማግሥቱ የሚያስገባ ሰው በመርዝ ውስጥ ያኖራቸዋል። ንጽሕና ወዳዱም ሰው፣ የዕረፍት ቀን ባገኘ ቁጥር ገንዳውን ጨርሶ ገልብጦ ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ሲያጥብ፣ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች በገዛ እጁ ይፈጃቸዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን ውሃ መለወጥ፣ ማጣሪያውንም ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ይተን ዘንድ ውሃው አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀንና ሌሊት ይቆይ።

በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። ዓሣዋ የሚስማማት ሙቀት ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን የከተማችን ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ዙሪያ በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆየዋል፤ ላዩ ግን ለአየር ክፍት ይሁን። ሁለተኛው፣ በደጋ አገር የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን ከቆላው ያነሰ ነውና፣ የገንዳውን ፊት የሚያናውጥ የአየር መንፊያ ያሻል።

ስለ መብሉ ብዙ አንልም፤ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መስጠት ነው። አንድ ቀን ቢጾሙ አይጎዱም፤ የተረፈው መብል ግን በስብሶ ያንኑ አሞኒያ ያመጣል።