ስለ ፎሌትና ካርቦን ስለሚያሻግረው ኢንዛይም፥ በጅግጅጋና በአካባቢዋ ለሚገኙ ሹማምንት የተጻፈ መግለጫ

በሰውም በእንስሳም በተክልም ሕዋስ ውስጥ ሴሪን ሃይድሮክሲሜቲል ትራንስፈሬዝ የሚባል ኢንዛይም ይገኛል። ሥራው እንደ ጭነት ጫኝ ነው፤ ይኸውም ሴሪን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል አንዲት ካርቦን አንሥቶ ፎሌት በሚባለው ቪታሚን ላይ ይጭናታል፤ ሴሪኑም ግላይሲን ወደሚባለው ይለወጣል። ይህችን ካርቦን ሌሎች ኢንዛይሞች ተቀብለው ዲ ኤን ኤ የተባለውን የዘር ንጥረ ነገር ይሠሩባታል። ጫኝ ቢበረታም ግመል ከሌለ ጭነቱ እንደማይሄድ፥ ፎሌት ሲጐድል ሥራው ይሰናከላል።

ጉዳቱም ሕዋስ ፈጥኖ በሚበዛበት ስፍራ ይበረታል። በእናቲቱ ላይ የደም ማነስ ያመጣል፤ የፅንሱም አከርካሪ ወይም የራስ ቅል ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ይህ የመግጠም ሥራ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ጊዜው ያልፋል። በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር የታተመው ጥናት፥ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ የነበራቸው ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ጉዳቱ ከመቶ 72 እጅ እንደሚቀንስ አስረድቷል።

ላምና ፍየል ግመልም በሆዳቸው የሚኖሩ ረቂቃን ነፍሳት ፎሌትን ይሠሩላቸዋል፤ ሰው ግን ከምግቡ ማግኘት አለበት። የከብቱ ጤንነት ለባለቤቱ ዋስትና አይሆንም፤ በ100 ግራም የፍየል ወተት ውስጥ 1 ማይክሮግራም ያህል፥ በላም ወተትም 5 ያህል ብቻ ይገኛልና። በ100 ግራም የተቀቀለ ምስር ግን 180 ያህል አለ። ለአንዲት ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። ስለዚህ በጅግጅጋ፥ በሐርሸን፥ በቶጎ ውጫሌና በሽንሌ ወተት፥ ነጭ ሩዝና ፓስታ ብቻ ለሚመገብ ቤተ ሰብ ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት የሚከተለውን ይፈጽሙ ዘንድ ይገባል። አንደኛ፥ ማሾ ፈጥኖ የሚደርስና ዝናብ ማነስን የሚችል ስለ ሆነ፥ ገበሬው በማሽላና በበቆሎ መካከል እንዲዘራው መምከር፤ መሬቱንም ናይትሮጅን ይጨምርለታል። ሁለተኛ፥ ውሃ ባለበት ስፍራ ጎመን እንዲተከል፥ ሲቀቀልም እንዳይበዛበትና ውሃው እንዳይደፋ ማስተማር። ሦስተኛ፥ በ2014 ዓ.ም. ፎሊክ አሲድ በስንዴ ዱቄት እንዲጨመር ግዴታ ስለ ተደረገ፥ በየገበያው የሚሸጠውን ዱቄት መመልከት። አራተኛ፥ ለማግባት የተዘጋጁና ለመውለድ ያሰቡ ሴቶች ከመፀነሳቸው አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ ፎሊክ አሲድ ኪኒን እንዲጠይቁ ማስታወቅ።