ኮስሞስን ያፈካው መርፌ ሳይሆን ጨለማ ነው

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የለንደኑ የቼልሲ የአበባ ትርኢት ፎቶዎች ሲመጡ አንድ ወሬ ተከትሏቸው ይመጣል፦ «ያለ ወቅቱ የፈካ አበባ ሁሉ ሆርሞን የተወጋ ነው።» ዘንድሮ ተረኛው ኮስሞስ ሆኗል። በእንግሊዝ ደጅ ላይ የተዘራ ኮስሞስ ከሰኔ አጋማሽ በፊት እምብዛም አያብብም፤ በግንቦት አብቦ ከታየ እንግዲህ አንድ ዘዴ አለ ማለት ነው። ዘዴስ አለ። መርፌ ግን አይደለም፤ ጥቁር ጨርቅ ነው።

የአበባውን የትውልድ ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። አገሩ ሜክሲኮ ነው። ዘሩ ማድሪድ ደርሶ፣ ካቫኒየስ የተባለ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ በ1791 ስም አወጣለት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአደይ አበባና ልብስ ላይ ከሚጣበቀው ጨጎጊት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቢጫውን ኮስሞስ አይቶ «አደይ!» የሚል ሰው ቢሳሳትም ቤተሰቡን አልሳተም።

ዋናው ጉዳይ ሌሊቱ ነው። ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች አንድ የትምባሆ ዝርያ አስቸግሯቸው ነበር። ሜሪላንድ ማሞዝ ይባላል፤ በጋውን ሙሉ ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዛል እንጂ አያብብም። በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን ቢያሳጥሩበት አበበ። ውጤቱን በ1920 አሳተሙ። በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር በሌላ ተክል ላይ ነገሩን ገለበጡት። ቀኑን መሃል ላይ በጨለማ ቢያቋርጡት ተክሉ ግድ አልሰጠውም፤ ሌሊቱን ለጥቂት ደቂቃ በብርሃን ቢያቋርጡት ግን ሳያብብ ቀረ። ተክሉ የሚለካው ቀኑን ሳይሆን ያልተቋረጠውን ጨለማ ኖሯል። ቀን ሲያጥር ለሚያብቡ ተክሎች የተሰጠው «የአጭር ቀን ተክል» የሚለው ስም ያኔውኑ መቀየር ነበረበት፤ ዛሬም በየመማሪያው ስላለ እኔም ተሸንፌ እጠቀምበታለሁ። ሌሊቱ ኮስሞስን ጨምሮ ለእነዚህ ተክሎች እንደ ጾም ነው፤ ስንት ሰዓት ቢጾም በአንዲት ጉርሻ ይፈርሳል።

ጉርሻዋን የሚቀምሰው በቅጠል ውስጥ ያለ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን ነው። ሁለት መልክ አለው። 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ቀይ ብርሃን ሲነካው ወደ ንቁው መልክ ይዞራል፤ ከዓይናችን እይታ ጠርዝ ላይ ያለው፣ 730 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው «ሩቅ ቀይ» ብርሃን ደግሞ ይመልሰዋል። በ1952 ቦርትዊክ፣ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው በሰላጣ ዘር ላይ ሁለቱን ብርሃኖች እያፈራረቁ አበሩ። ዘሩ የሚበቅልና የማይበቅል መሆኑን የወሰነው የመጨረሻው ብርሃን ብቻ ነበር። በአበባም ላይ ያው ነው፦ እኩለ ሌሊት ላይ ቀይ ብርሃን ሲበራ ሌሊቱ ይፈርሳል፣ ወዲያው ሩቅ ቀይ ከተከተለው እንዳልበራ ይቆጠራል።

ታዲያ ቅጠል ያየውን ጨለማ ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ እንዴት ያውቃል? የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ ቻይላኽያን በ1930ዎቹ ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚጓዝ መልእክተኛ መኖር አለበት ብሎ ፍሎሪጅን አለው። አንጥሮ የሚያወጣው ሰው ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። ኤፍቲ የተባለው ፕሮቲን በእርግጥም ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚጓዘው መልእክተኛ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች የወጡት በ2007 ነው። ሆርሞን ካላችሁ ሆርሞኑ ይኸው፤ ተክሉ ራሱ ይሠራዋል፣ በመርፌ የሚወጋው የለም። ደግሞ ሁሉንም ኬሚካል ሐሰት ነው አልልም። አናናስ በኤቲሊን እንዲያብብ ይደረጋል፤ የማሰሮ አበቦችን ለማሳጠር የሚረጭ መድኃኒትም አለ። ኮስሞስን በግንቦት ለማድረስ ግን አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘሩ በክረምታቸው መጨረሻ፣ በየካቲት አካባቢ፣ በግሪንሃውስ ይዘራል። ያኔ የለንደን ሌሊት ገና ረጅም ስለሆነ ችግኙ ስንዝር ሳይሞላ ሊያብብ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በመብራት ያታልሉታል። ቁመቱ ሲበቃ መብራቱ ይጠፋና፣ ቀኑ እየረዘመ ሲመጣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል። ጨርቅ ኤሌክትሪክ አይበላም።

እዚህ ላይ ምላሴን ልሰብስብ። ፋይቶክሮም ብቻውን ሌሊትን ይለካል የሚለው የድሮ ትረካ አልበቃም፤ ያው ብርሃን በሌሊቱ መጀመሪያና መሃል ላይ እኩል ስለማይሠራ፣ ተክሉ የራሱ የውስጥ ሰዓት እንዳለው እንረዳለን። የዚያ ሰዓት ዝርዝር ደግሞ በአብዛኛው የተጠናው አራቢዶፕሲስ በሚባለው የቤተ ሙከራ ተክልና በሩዝ ላይ ነው፤ ለኮስሞስ እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ኮስሞስ ግትር የአጭር ቀን ተክልም አይደለም፤ ረጅም ቀን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም፤ ዝርያውም ይለያያል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው፤ አታብዙበት። ናይትሮጅን የጠገበ ኮስሞስ ቅጠል ያበዛል፣ ይረዝማል፣ ይወድቃል። አፈሩ ላይ ግን ክርክር አለ። የአውሮፓ አትክልተኞች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ፒት በረግረግ ውስጥ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሚጠራቀም የተክል ቅሪት ነው፤ ሲቆፈር ያመቀው ካርቦን ይለቀቃል። ምትኩ የኮኮናት ቃጫ ከህንድና ከስሪላንካ በመርከብ ይመጣል፤ ሌላው ምትክ የእንጨት ቃጫ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማል። ለሆዳም ተክል ይህ ችግር ነው፤ በድሃ አፈር ለሚረካው ኮስሞስ ግን ያን ያህል አይደለም። እኔ የእንጨት ቃጫውን እመርጣለሁ።

ከጨርቁም ከአፈሩም በላይ አካባቢ ላይ የሚከብደው የየካቲቱ የግሪንሃውስ ማሞቂያ ነው። በ2021 በኮሮና ምክንያት ቼልሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስከረም ተዛውሮ ነበር። መስከረም ኮስሞስ በእንግሊዝ ደጅ ላይ ያለ ማሞቂያ የሚያብብበት ወር ነው። ለአካባቢ አስባለሁ የሚል ትርኢት ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት የራሱን ቀጠሮ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከ13 ሰዓት ስለማይዘል እናንተ ጥቁር ጨርቅ አያሻችሁም። ፀሐይ ያለበትን፣ ፍግ ያልበዛበትን ቦታ ምረጡ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ የበረንዳ አምፖል አርቁት። የሚያብብበትን ጊዜ ለማራዘም የደረቀውን አበባ ቁረጡ፤ መጨረሻ ላይ ጥቂቱን ለዘር ተዉት። ኮስሞስ በአብዛኛው ከሌላ ተክል በሚመጣ የአበባ ዱቄት ስለሚዳቀል፣ ከነጭ የለቀማችሁት ዘር በሚቀጥለው ዓመት ሮዝ ቢሆን ዘሩን የሸጠላችሁን ሰው አትክሰሱ።