የመጽሐፍ እንባና የጋጣ ሥራ



ሰው ስለ ጦርነት የተጻፈ ልብ ወለድ መጽሐፍ አንብቦ ቢያለቅስ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። እንባው ልቡ ያልደነደነ ለመሆኑ ምስክር ነውና። ነገር ግን መጽሐፉ ተከድኖ ወደ መደርደሪያው ከተመለሰ በኋላ ያ ርኅራኄ ወዴት ይሄዳል? የዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

ለምሳሌ የሚሆነን እንግሊዛዊው ደራሲ ማይክል ሞርፐርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ያሳተመው «የጦር ፈረስ» የተባለው መጽሐፍ ነው። (ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩን የሚናገረው ጆይ የተባለው ፈረስ ራሱ ነው። በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አንድ ገበሬ፥ ልጁ አልበርት በፍቅር ያሳደገውን ፈረስ ልጁ ሳያውቅ ለሠራዊቱ ይሸጠዋል። ጆይም በመጀመሪያ ለእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር፥ ከተማረከም በኋላ ለጀርመኖች ያገለግላል፤ የቁስለኞች ጋሪ ይስባል፥ መድፍ ይጎትታል፥ ከእሾሃማ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ይቆስላል። ወዳጅና ጠላት የሚባለውን ነገር ግን አያውቅም፤ ክፉውንና ደጉን ሰው የሚለየው በያዘው እጅ ብቻ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ሠራዊቱ ፈረሶቹን በሐራጅ ሊሸጥ ይወስናል። ጆይ ለሥጋ ነጋዴ ሊሸጥ ጥቂት ሲቀረው ይተርፍና ከአልበርት ጋር ወደ አገሩ ይመለሳል። አንባቢውም እንባውን ጠርጎ፥ ልቡ አርፎ መጽሐፉን ይከድናል።

በእውነተኛው ታሪክ ግን ለብዙዎቹ ፈረሶች ፍጻሜው እንዲህ አልነበረም። ጦርነቱ በ1918 ዓ.ም. ሲያበቃ በግብፅ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የሠራዊቱ ፈረሶች በዚያው ተሸጡ። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች የእንግሊዝ ጄኔራል ሚስት በ1930 ዓ.ም. ባሏን ተከትላ ወደ ካይሮ በመጣች ጊዜ፥ እነዚያ ፈረሶች አርጅተውና ዐጥንታቸው ወጥቶ ከባድ ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። እርሷም አይታ አዝና አልቀረችም። በ1931 ዓ.ም. ሁኔታውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ጻፈች፤ አንባቢዎቹም ገንዘብ ላኩላት። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሺህ ያህል ፈረሶችን ከባለቤቶቻቸው ገዛች።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለመስማት የሚከብድ ነው። ከተገዙት ፈረሶች የሚበዙት ከእርጅናና ከድካም የተነሣ ሊድኑ የማይችሉ ስለ ነበሩ፥ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ማድረግ ግድ ሆነ። ልብ ወለዱ ፈረሱን ወደ ቤቱ መለሰው፤ ይህች ሴት ግን ለአብዛኞቹ ልትሰጣቸው የቻለችው አጭር ዕረፍትና ጸጥ ያለ ሞት ብቻ ነበር። ይህን እያወቀች በሚቀጥለው ቀን ሌላ ፈረስ ለመግዛት መውጣቷ ከእንባ የሚበልጥ ርኅራኄ ነው። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ የእንስሳት ሆስፒታል አቋቋመች፤ የሠራተኛ ፈረሶችና አህዮች በነጻ የሚታከሙበት ነው። ባለቤቶቹ ድሆች መሆናቸውን፥ እንስሳውም እንጀራቸው መሆኑን ተረድታ ነበርና ከወቀሳ ይልቅ ሕክምናን መረጠች። ሥራዋ እርሷ በ1955 ዓ.ም. ከሞተች በኋላም አልቆመም፤ በስሟ የሚጠራው ድርጅት አገልግሎቱን እስከ አገራችን ድረስ አድርሷል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ የዘመቱት አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክን «አባ ዳኘው»፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን «አባ መቻል» ያሰኛቸው ይኸው ልማድ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌያችንም የእንስሳውን ድርሻና የሰውን ኀላፊነት ለይቶ ያሳያል። ዛሬም አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ነገር ግን ገጣባ የወጣበት አህያ በገበያ መንገድ ስናይ ስንቶቻችን ቆም እንላለን?

እንግዲህ ርኅራኄውን ወደ ሥራ ለመለወጥ የሚሻ ሰው በእንስሳት መጠለያ ወይም በሕክምና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ሊያገለግል ይችላል። ሲሄድ ግን እንደ ልብ ወለዱ ያለ ታላቅ ትዕይንት አይጠብቅ። የመጀመሪያው ሥራ ፋንድያ መጥረግ፥ የረጠበውን ጭድ መለወጥ፥ የውሃውን ገንዳ አጥቦ መሙላት ነው። አዲስ የመጣ እንስሳ በሽታ እንዳያስተላልፍ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ለብቻው ይቀመጣል። ሰኮናው በየቀኑ ይመረመራል፤ በውስጡ የተሰነቀረ ጠጠር ያነክሰዋልና። ገጣባ ያለበት ጀርባም ቁስሉ ሳይድን ጭነት አይነካውም፤ ከዳነም በኋላ ከጭነቱ በታች ንጹሕና ለስላሳ መደላድል ይደረግለታል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ፈረስ ከጀርባው በቀጥታ የሚመጣውን ሰው ስለማያይ ደንግጦ ይራገጣል፤ ስለዚህ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል መቅረብ ነው። አህያ ሕመሟን ትሸሽጋለች፤ ጸጥ ማለቷ ደኅንነት መስሎ አያታልላችሁ። ውሻ ባለበት መጠለያ የሚያገለግል ሰው አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይውሰድ። ውሻ የነከሰውም ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒቱ አይደርስምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጠሮ ማክበር ነው። አንድ ቀን በስሜት ተነሥቶ መጥቶ በማግሥቱ የሚቀር ሰው ለመጠለያው ሸክም ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሰጥ፥ ያንኑ ሁለት ሰዓት ሳያጓድል የሚሰጠው ይሻላል። እንስሳው ስለ እርሱ ያነበባችሁትን መጽሐፍ አያውቅም፤ የሚያውቀው ውሃው በሰዓቱ መምጣቱን ነው።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ የሚያስለቅሰውን መጽሐፍ አንብቡ፥ ልጆቻችሁም እንዲያነቡት አድርጉ። መጽሐፉን ስትከድኑ ግን ጆይ ከገጹ ላይ እንዳልቀረ አስቡ፤ ነገ ጧት በደጃችሁ ጭነት ተሸክሞ ያልፋልና።